የተሰወረው ሥቃይ፦ ስለ ዳሌ ነርቭ ሕመም፣ ስለ ሕክምናውና ስለ ክርስቲያናዊ አያያዙ



ሕመም ሁሉ አንድ ዓይነት አቀባበል አያገኝም። እግሩ የተሰበረ ሰው በክራንች ሲራመድ ያየ ሁሉ መንገድ ይለቅለታል። ወባ የያዘውን ጎረቤት ሳይጠይቅ የሚቀር የለም። ነገር ግን ሌላው የማያያቸው፣ ሕመምተኛውም ስማቸውን ለመጥራት የሚያፍርባቸው ሕመሞች አሉ። ከእነዚህ አንዱ በዳሌ ውስጥ በሚያልፍ ነርቭ ምክንያት የሚመጣው፣ ለወራት አልፎም ለዓመታት የሚዘልቀው ሥቃይ ነው። ሕመምተኛው መልኩ ያልተለወጠ፣ ክብደቱ ያልቀነሰ፣ በራጅም ሆነ በደም ምርመራ ምንም ያልተገኘበት ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ቁጭ ብሎ ምሳውን መብላት፣ በአውቶቡስ መጓዝ፣ በቤተ ክርስቲያን ወንበር ላይ ስብከት እስኪያልቅ መቀመጥ አይችልም።

ይህን ርእስ የመረጥነው ሁለት ነገር ለማስረዳት ነው። አንደኛ፣ ይህ ሕመም እውነተኛ የሥጋ ሕመም እንጂ ማስመሰል ወይም የእምነት ጉድለት አለመሆኑን፤ ሁለተኛ፣ ሕክምና መፈለግ ከክርስትና ሕይወት ጋር የማይጋጭ፣ እንዲያውም የሚስማማ መሆኑን ነው። ጽሑፉ የሐኪምን ምርመራ የሚተካ አይደለም፤ ወደ ሐኪም የሚወስደውን መንገድ ለማሳየት ግን ይረዳል።

1. ሕመሙ ምንድን ነው?

ሐኪሞች ፑደንዳል ብለው የሚጠሩት ነርቭ በግራና በቀኝ አንዳንድ ሆኖ ይገኛል። በጀርባ አጥንታችን ታችኛ ጫፍ ካሉት የነርቭ ሥሮች ከሁለተኛው፣ ከሦስተኛውና ከአራተኛው ይነሣና በሁለት ጠንካራ ጅማቶች መካከል ሾልኮ ያልፋል። ከዚያም የአየርላንዱ የአካል ጥናት ሊቅ ቤንጃሚን አልኮክ እ.ኤ.አ. በ1836 በገለጠው ጠባብ ቦይ ውስጥ ይገባል። ቦዩም እስከ ዛሬ በእርሱ ስም የአልኮክ ቦይ ይባላል። በመጨረሻ ነርቩ በሦስት ቅርንጫፍ ተከፍሎ ወደ ፊንጢጣ፣ በፊንጢጣና በብልት መካከል ወዳለው ቦታ፣ እንዲሁም ወደ ብልት ይደርሳል። የእነዚህ ቦታዎች ስሜት የሚተላለፈው፣ ሽንትና ሰገራን የሚቆጣጠሩት ጡንቻዎችም የሚታዘዙት በእርሱ ነው።

«ፑደንዳል» የሚለው ስም «ማፈር» ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። እኛም በቋንቋችን ያንኑ የአካል ክፍል «ኀፍረተ ሥጋ» እንለዋለን። ሁለት የተራራቁ ቋንቋዎች አንዱን የአካል ክፍል በኀፍረት ስም መጥራታቸው የሰው ልጅ ጠባይ የቱን ያህል አንድ እንደሆነ ያሳያል። ጨዋነት መልካም ነው፤ እግዚአብሔር የፈጠረውን አካል በአክብሮት መሸፈን ተገቢ ነው። ነገር ግን ኀፍረት ሕመምተኛውን ከሐኪም ፊት አፉን የሚያስይዘው ከሆነ ጨዋነት መሆኑ ይቀርና ሸክም ይሆናል። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት በከንቱ አይደለም።

ነርቩ በጠባብ መንገድ ስለሚያልፍ በጅማቶቹ መካከል ወይም በቦዩ ውስጥ ሊጨመቅ፣ ሊለጠጥ ወይም ሊቆጣ ይችላል። ለዚህም ምክንያት ከሚሆኑት መካከል ለረጅም ሰዓት ተቀምጦ መሥራት፣ ብዙ ብስክሌት መንዳት፣ በመቀመጫ ላይ መውደቅ፣ የተራዘመና አስቸጋሪ ምጥ፣ በዳሌ አካባቢ የተደረገ ቀዶ ሕክምና፣ ለብዙ ዘመን የቆየ የሆድ ድርቀትና ማማጥ ይገኛሉ። እንደ ስኳር በሽታና እንደ አልማዝ ባለጭራ ያሉ ሕመሞችም ነርቭን ይጎዳሉ። አንዳንድ ጊዜ ግን መነሻው ፈጽሞ አይታወቅም። ሕመሙ በወንድም በሴትም ላይ ይደርሳል።

የሥቃዩ መልክ እንደየሰው ይለያያል። አንዱ «እንደ እሳት ያቃጥለኛል» ይላል፤ ሌላው «እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል» ይላል፤ ሌላዋ «አንድ ባዕድ ነገር ውስጤ የተቀመጠ ይመስለኛል» ትላለች። ብዙ ጊዜ ጠዋት ቀለል ብሎ ይጀምርና በመቀመጥ ብዛት እየበረታ ወደ ማታ ይከብዳል። ሲቆሙ ይቀንሳል፤ ሲተኙ ደግሞ ይበልጥ ይረግባል።

2. ሕመሙ እንዴት ይታወቃል?

ይህን ሕመም ብቻውን የሚያረጋግጥ አንድ የደም ምርመራ ወይም አንድ ፎቶግራፍ የለም። ስለዚህም በብዙ አገር ሕመምተኞች ለዓመታት ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ ይኖራሉ። አንዱ ወንድ የፕሮስቴት ልክፈት ነው ተብሎ ደጋግሞ አንቲባዮቲክ ይውጣል፤ ሌላው ኪንታሮት ነው ተብሎ ይቆረጥለታል፤ አንዲት ሴት ደግሞ «የአእምሮ ጭንቀት ነው» ተብላ ትሸኛለች።

ይህን ግራ መጋባት ለማስቀረት በፈረንሳይ አገር በናንት ከተማ እ.ኤ.አ. በ2006 የተሰበሰቡ ሐኪሞች አምስት መለያዎችን አወጡ። መለያዎቹም በ2008 ታትመው ወጡ። እነርሱም የሚከተሉት ናቸው፤

ሀ. ሕመሙ የሚሰማው ነርቩ በሚደርስበት ቦታ፣ ይኸውም ከፊንጢጣ እስከ ብልት ባለው ክልል ነው።
ለ. በመቀመጥ ይብሳል። ብዙ ሕመምተኞች በመጸዳጃ ቤት መቀመጫ ላይ ሲሆኑ ሕመሙ ይቀልላቸዋል፤ ምክንያቱም በዚያ ጊዜ መካከለኛው ቦታ ከጫና ነጻ ይሆናል።
ሐ. ሕመሙ ሕመምተኛውን ከሌሊት እንቅልፉ አይቀሰቅሰውም።
መ. ሐኪሙ ሲመረምር በቦታው ላይ የመደንዘዝ ወይም ስሜት የማጣት ምልክት አያገኝም።
ሠ. በነርቩ አጠገብ ማደንዘዣ ሲወጋ ሕመሙ ለጊዜው ይቆማል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። የማደንዘዣው መርፌ ሕመሙን ማቆሙ ሥቃዩ በዚያ ነርቭ ክልል ውስጥ እንዳለ ያሳያል እንጂ የመጨመቁን ምክንያት አይናገርም። ስለሆነም ሐኪሙ አስቀድሞ ሌሎች በሽታዎች፣ ለምሳሌ ልክፈት፣ የሽንት ጠጠር፣ እባጭ፣ የፊንጢጣ ቁስል፣ የማሕፀን በሽታ አለመኖራቸውን በአልትራሳውንድ ወይም በኤም.አር.አይ. ይመረምራል። እንዲህ ያለው ምርመራ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ «ምንም የለብህም» ማለት አይደለም፤ «የሚያሰጉት በሽታዎች የሉብህም፣ አሁን ወደ ነርቩ እንመልከት» ማለት ነው። ይህን ልዩነት መረዳት ለሕመምተኛውም ለቤተሰቡም ታላቅ ዕረፍት ይሰጣል።

ነገር ግን በቶሎ ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ምልክቶች አሉ። ሽንት በድንገት እምቢ ማለቱ ወይም ሽንትና ሰገራ ሳይታወቅ ማምለጡ፣ በመቀመጫና በብልት ዙሪያ መደንዘዝ፣ የእግር መዛል የታየበት ሰው አንዲት ቀን እንኳ ማሳደር የለበትም። ትኩሳት፣ ደም መፍሰስ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ያለበትም በቶሎ ሊመረመር ይገባዋል።

3. ሕክምናው በደረጃ

ሕክምናው ከቀላሉ ጀምሮ ወደ ከባዱ የሚሄድ ነው።

የመጀመሪያው ነርቩን የሚያስቆጣውን ነገር ማስወገድ ነው። ብስክሌት መተው፣ መቀመጥን መቀነስና በየጊዜው መነሣት፣ መካከሉ ክፍት በሆነ ትራስ ላይ መቀመጥ፣ በቂ ውኃ በመጠጣትና አትክልትና ጥራጥሬ በመመገብ የሆድ ድርቀትን መከላከል ያስፈልጋል። ሾፌር ወይም ልብስ ሰፊ ለሆነ ሰው ይህ ቀላል ምክር አይደለም፤ የእንጀራው ጉዳይ ነውና። ስለዚህ ቤተሰብና አሠሪ ሊተባበሩት ይገባል።

ሁለተኛው ፊዚዮቴራፒ ነው። በሕመም ምክንያት የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ተጨብጠው ይቀራሉ፤ የተጨበጠው ጡንቻም መልሶ ሕመሙን ያብሰዋል። በዚህ ሙያ የሠለጠነ ባለሙያ ጡንቻውን ማላላትንና በትክክል መተንፈስን ያስተምራል። እንዲህ ላለ ሕመምተኛ ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በራስ ፈቃድ መሥራት ሊጎዳ ስለሚችል አስቀድሞ ባለሙያ መጠየቅ ያሻል። በወጌሻ ማሳሸትም እንደዚሁ ለዚህ ጥልቅ ቦታ የሚሆን አይደለም።

ሦስተኛው መድኃኒት ነው። ተራው የሕመም ማስታገሻ ለነርቭ ሕመም ብዙ ጊዜ አይበቃም። ሐኪሞች አሚትሪፕቲሊን፣ ጋባፔንቲን ወይም ፕሪጋባሊን ያዛሉ። አሚትሪፕቲሊን በመጀመሪያ ለመንፈስ ጭንቀት የተሠራ ሲሆን፣ በአነስተኛ መጠን ሲሰጥ የነርቭ ሕመምን ያስታግሣል። ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን ደግሞ ለሚጥል በሽታም የሚሰጡ ናቸው። ስለዚህ አንድ ሕመምተኛ የመድኃኒቱን ወረቀት አንብቦ «ሐኪሙ እብድ ነው ብሎኛል» ብሎ ማዘን የለበትም። መድኃኒቶቹ ቀስ በቀስ የሚጨመሩ፣ ውጤታቸውም በሳምንታት የሚታይ ነው። እንቅልፍ፣ የአፍ መድረቅ፣ አንዳንዴም የሆድ ድርቀት ሊያመጡ ይችላሉ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ መጀመርም ሆነ በድንገት ማቋረጥ ጉዳት አለው።

አራተኛው በነርቩ አጠገብ የሚሰጥ መርፌ ነው። ማደንዘዣው ለመለያ ብቻ ሳይሆን ለአንዳንዱ ሰው ለተወሰነ ጊዜ ዕረፍት ይሰጣል።

አምስተኛውና የመጨረሻው ነርቩን ከተጨመቀበት ነጻ የሚያወጣ ቀዶ ሕክምና ነው። በናንት የሚሠሩ ሐኪሞች 32 ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው አንደኛውን ወገን በቀዶ ሕክምና፣ ሁለተኛውን ያለ ቀዶ ሕክምና ተከታተሉ። ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2005 ታተመ። ከአንድ ዓመት በኋላ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ከመቶ 71 ያህሉ ተሽሏቸው ሲገኙ፣ ካልተደረገላቸው ግን የተሻላቸው ከመቶ 13 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ቍጥሩ ተስፋ የሚሰጥ ነው፤ ሆኖም የተጠኑት ሰዎች ጥቂት እንደነበሩ፣ «ተሻለው» ማለትም «ፈጽሞ ዳነ» ማለት እንዳልሆነ ማስተዋል ይገባል። ይህ ቀዶ ሕክምና ልዩ ሥልጠና የሚጠይቅና በጥቂት አገሮች በጥቂት ቦታዎች የሚደረግ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ለማሰባሰብ ከመጣደፍ በፊት የመጀመሪያዎቹን አራት ደረጃዎች በትዕግሥት መፈጸም ብልህነት ነው።

ወደ ሐኪም የሚሄድ ሰው ዝግጅት ቢያደርግ ይጠቀማል። ሕመሙ የጀመረበትን ጊዜ፣ የሚሰማበትን ቦታ፣ የሚያብሰውንና የሚያቀልለውን፣ የወሰደውን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ደብተር ይጻፍ። ለመናገር የሚያፍር ከሆነ የጻፈውን ወረቀት ለሐኪሙ ይስጥ። ከጤና ጣቢያ ጀምሮ የሪፈር ወረቀት ይዞ ወደ ላይኛው ሆስፒታል መሄድ፣ በተለይ የጤና መድን አባል ለሆነ ሰው፣ ወጪን ይቀንሳል። ሴት ሐኪም የምትፈልግ ሴት ያንን መጠየቅ መብቷ ነው።

4. ቤተ ክርስቲያን ምን ታስተምራለች?

በምእመናን መካከል ሁለት የተሳሳቱ አስተሳሰቦች ይሰማሉ። አንደኛው «ሥቃይን መቀበል ቅድስና ስለሆነ መድኃኒት መፈለግ አያሻም» የሚል ነው። ሁለተኛው «ጸሎቱ ያልተሰማለት እምነት ስለሌለው ነው» የሚል ነው።

ለመጀመሪያው መልስ የሚሆነን መጽሐፈ ሲራክ ነው። በምዕራፍ 38 ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፣ መድኃኒትም ከእግዚአብሔር ፍጥረት የተገኘ እንደሆነ፣ በሽተኛ እንዲጸልይም ለሐኪም ስፍራ እንዲሰጥም ያስተምራል። ጸሎትና ሕክምና በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛም እ.ኤ.አ. በየካቲት 1957 ለማደንዘዣ ሐኪሞች በሰጡት ትምህርት ክርስቲያን ሥቃይን ለሥቃይነቱ የመሻት ግዴታ እንደሌለበትና ሕመምን በሕክምና ማስታገሥ የተፈቀደ እንደሆነ አስረድተዋል። እንግዲህ ጠበል የሚጠጣ ሰው የሐኪሙን መድኃኒት እንዲጥል ማንም ሊያዘው አይገባም።

ለሁለተኛው መልስ የሚሆነን ሐዋርያው ጳውሎስ ነው። በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክቱ ምዕራፍ 12 እንደጻፈው፣ ስለ ሥጋው መውጊያ ጌታን ሦስት ጊዜ ለመነ፤ መውጊያው ግን አልተወሰደለትም፤ የተሰጠው ጸጋ ነበር። ጳውሎስ እምነት ጎድሎት ነበር የሚል ማን ነው? ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ሕመም እንዲወገድ መለመን ኃጢአት አይደለም፤ ሕመሙ ቢቆይም እግዚአብሔር ጥሎናል ማለት አይደለም።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 የምናነባት ሴት ደግሞ ለዚህ ትምህርት ከሁሉ ትቀርባለች። ሕመሟ ለመናገር የሚያሳፍር ነበር፤ 12 ዓመት ቆየባት፤ ገንዘቧን በሐኪሞች ዘንድ ጨርሳለች፤ ጌታንም የቀረበችው ተሰውራ ከኋላው ነበር። እርሱ ግን ፈውሷት ዝም ብሎ አላለፈም። ማን እንደዳሰሰው ጠየቀ፤ እርስዋም እውነቱን ሁሉ ነገረችው። ጌታም ያሳፈራትን ሳይሆን ልጄ ብሎ የጠራትን ቃል ሰጣት። የተሰወረውን ሕመም መናገር ራሱ የፈውስ ክፍል መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በየካቲት 11 ቀን 1984 ባወጡት ስለ ክርስቲያናዊ ሥቃይ ትርጉም በሚያስተምረው ሐዋርያዊ መልእክት ትምህርታቸውን ወደ ደጉ ሳምራዊ ያመጡታል። ሥቃዩን ከክርስቶስ መስቀል ጋር የሚያዋሕድ ሕመምተኛ እንዳለ ሁሉ፣ በመንገድ ላይ ቆሞ የሚረዳውም ሊኖር ይገባል። የመጀመሪያውን ለሌላው እየሰበክን ሁለተኛውን ለራሳችን ካላደረግነው ትምህርቱን በግማሽ ቆርጠነዋል።

5. በቤትና በቁምስና

ሀ. ስለ ማመን። ለሕመምተኛው የመጀመሪያው ስጦታ ማመን ነው። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት በመሬት ላይ ተቀመጡ፤ ጉዳት ማድረስ የጀመሩት የሕመሙን ምክንያት ማብራራት ሲጀምሩ ነው። እኛም «ምን ኃጢአት ሠርተህ ነው?» ወይም «ትላንት ደኅና አልነበርክም ወይ?» ከማለት እንቆጠብ።

ለ. ስለ ጋብቻ። ይህ ሕመም የባልና ሚስትን ግንኙነት ሥቃይ ያደርገዋል። ስለዚህ አንዱ ሲያፈገፍግ ሌላው «ተጠላሁ» ብሎ ያስባል፤ ዝምታው ጥርጣሬን፣ ጥርጣሬውም ጠብን ይወልዳል። ሕመሙን በግልጥ መነጋገር፣ የሚቻል ከሆነም አብሮ ወደ ሐኪም መሄድ ትዳርን ያድናል። በሕመምም በጤናም አብረው ለመኖር የተገባው ቃል ኪዳን የሚፈተነው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው።

ሐ. ስለ ቅዳሴ። መቀመጥ የማይችል ምእመን ከኋላ ወይም ከጎን ቢቆም ማንም በክፉ ዓይን አይየው። በግእዝ ሥርዓታችን መቆም የጸሎት ባሕርይ ነው፤ አባቶች መቋሚያ ይዘው ረጅሙን ሥርዓት የሚፈጽሙት ቆመው ነው። መቆምም መቀመጥም ላቃተው ደግሞ ቅዱስ ቁርባን በቤቱ እንዲደርሰው መምህራን ለቆሞሱ ይንገሩ።

መ. ስለ ምሥጢረ ቀንዲል። ይህ ምሥጢር ለሚሞቱት ብቻ የተሠራ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ሰነድ በሞት አፋፍ ላይ ላሉት ብቻ እንዳልሆነ አስተምሯል። በከባድ ሕመም የሚሠቃይ ሰው ስለዚህ ጉዳይ ከካህኑ ጋር ይመካከር።

ሠ. ስለ ተስፋ መቁረጥ። ያለ ዕረፍት የሚቆይ ሥቃይ ሰውን «ብሞት ይሻለኛል» እስከ ማለት ሊያደርሰው ይችላል። ይህን የሰማ ሰው ነገሩን ቸል አይበል፤ አይቆጣም፤ ብቻውንም አይተወው። በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ያድርሰው፣ ካህንም ይጥራለት።

ረ. ስለ ርዳታ። ዕድሮቻችንና ማኅበሮቻችን ለቀብር ብቻ ሳይሆን በሕይወት ላለ ሕመምተኛም ቢደርሱ ምንኛ መልካም ነው። የመጓጓዣ ገንዘብ፣ በሆስፒታል ተራ የሚጠብቅ አንድ ሰው፣ ቤት የሚጠብቅ ጎረቤት ትልቅ ነገር ነው።

አገራችን በዚህ ረገድ የምትማርበት ምሳሌ አላት። ፌስቱላ ከዚህ የተለየ ሕመም ቢሆንም እንደዚሁ የሚያሳፍርና የሚያስገልል ነበር። በአዲስ አበባ ሬጅናልድና ካትሪን ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 ያቋቋሙት ሆስፒታል በር ከከፈተ ወዲህ ግን በኀፍረት ተደብቀው የነበሩ ብዙ እናቶች ወደ ብርሃን ወጥተዋል። ሕመሙ ስም አገኘ፤ ስም ያገኘውም ሐኪም አገኘ። የዳሌ ነርቭ ሕመምም እንዲሁ ስሙ በቤታችን፣ በማኅበራችንና በጤና ጣቢያችን ያለ ኀፍረት ሊጠራ ይገባል።

በየዓመቱ እ.ኤ.አ. የካቲት 11 ቀን፣ በሉርድ እመቤታችን በዓል፣ ከ1993 ጀምሮ የሕሙማን ቀን ይከበራል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ትምህርት በዚያ ሰሞን በየቁምስናቸው ቢያቀርቡት ይመረጣል።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በጨዋነትና ሕክምናን በሚከለክል ኀፍረት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
2. «ምርመራው ንጹሕ ነው» የሚለው ቃል ለሕመምተኛው ምን ማለት ነው? ምንስ ማለት አይደለም?
3. ማርቆስ 5፥25-34ን አንብቡ። ሴቲቱ እውነቱን ሁሉ እንድትናገር ጌታ ለምን ፈለገ ትላላችሁ?
4. በቁምስናችን መቀመጥ የማይችል ወይም ከቤት መውጣት ያቃተው ሰው አለን? በዚህ ሳምንት ማን ይጠይቀዋል?